በእጅ የተነሳው ጄኔሬተር

በሩቅ አገር፣ በአንድ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ፣ ጄኔሬተር የሚጠግን አንድ ሰው ነበር። ቤቱ ከጣቢያው በታች ነው፤ ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ እዚያ ይኖራሉ።

ወገኖቼ፣ የኒውክሌር ጣቢያ ሥራ ቢያቆም እንኳ ውስጡ ቶሎ አይበርድም። ውሃ የሚገፋለት ፓምፕ ይፈልጋል፤ ፓምፑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ከውጭ የሚመጣው መብራት ከጠፋ ያ ጄኔሬተር ማንም ሳይነካው በራሱ መነሳት አለበት። ባይነሳስ? ባይነሳማ ለዚያ ሰፈር ወዮለት!

ሰውየው ጄኔሬተሩን ፈታ፣ ጠገነ፣ ገጠመ። ቁልፉን ሲጫነው ሞተሩ ተንደቀደቀ። "ተገላገልኩ!" አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

የጣቢያው ተቆጣጣሪ መጣች። "መብራቱን እናጥፋና በራሱ ይነሳ እንደሆነ እንይ" አለችው።

"አሁን ሲሠራ አልሰማሽም እንዴ? ሰማዩን እይው እስቲ! ዝናቡ ሳይደርስብኝ ልሂድ።"

"ሰምቻለሁ። ቁልፉን የተጫንከው ግን አንተ ነህ። ቤትህ ስትገባ ማን ይጫንለታል?"

ተናደደ። "አታምኚኝም ማለት ነው?" አላት። እሷ ግን ለክፉም ለደጉም ሌላ ጄኔሬተር አዘጋጅታ መብራቱን አጠፋችው።

ጨለማ ሆነ። ሁሉም ጆሮውን ቀሰረ። ጸጥ። አሁንም ጸጥ!

ሰውየውን ላብ አጠመቀው። ባትሪ አብርቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ለካ ሲጠግን የነቀላትን አንዷን ሽቦ መልሶ አላገናኛትም! ሞተሩን "መብራት ጠፍቷል፣ ተነስ" የምትለው እሷ ነበረች። አገናኛት። ተቆጣጣሪዋ ደግማ አጠፋች። ይኼኔ ሞተሩ ማንም ሳይነካው ተነሳ።

ማምሻውን አውሎ ነፋስ የመብራቱን ምሰሶዎች ጣላቸው። ሰውየው ከልጆቹ ጋር እራት ላይ ነበር። መብራቱ ድርግም አለ። ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ። አዳመጠ። ከላይ፣ ከጣቢያው፣ የሞተሩ ድምፅ ሲመጣ ልጆቹ ፊት አለቀሰ።

"አባዬ፣ መብራት ስለጠፋ ነው የምታለቅሰው?" አለችው ትንሿ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አትሽሹኝ! እሁድ እሁድ ስትነሱ አይቻለሁ። መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ እናንተ ታለቅሳላችሁ። ደስ ይላል። ግን ቁልፉን የተጫነው ማነው? እኔ አይደለሁም እንዴ? ማክሰኞ ገበያ መሃል ሰው ሲሰድባችሁስ ማን ይጫንላችኋል?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ፊት ለፊት ሁለት ወንድማማቾች ታረቁ። እልል አላችሁ። አንገታቸውን ይዤ ያስተቃቀፍኳቸው እኔ ነኝ፤ እነሱም ያውቁታል። ዛሬ አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዱ በዚያ ጥግ ተቀምጠዋል። ስም አልጠራም።

ወንድሞቼ፣ ስትወጡ በሩ አንድ ነው። ሁለታችሁም በእሱ ታልፋላችሁ። እኔ ዛሬ ከዚህ አልነሳም፣ እጄንም አልዘረጋም። እዚሁ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።