ባና ሠሪው ጎሽሜና የማሚቴ ልጅ

ድሮ ድሮ፣ የአያቶቻችን አያቶች ገና ጥርስ ሳያወጡ፣ ከመንዝ ወዲያ ውርጭ የሚያድርባት አንዲት መንደር ነበረች፤ ዝንጀሮ ገደል ይሏታል። በዚያች መንደር ጎሽሜ የሚባል ባና ሠሪ ይኖር ነበር። መሬት የለው፣ ሹመት የለው፣ ትዳርም አልሆነለት። እግሩን ከሸማኔ ጉድጓዱ ከትቶ ከበግ ጠጉር ባና፣ ያን ወፍራም የብርድ ልብስ፣ ሲሸምን ይውላል። እዚያ ሲቀመጥ ፊቱ ከልጆች ፊት ይገጥማል፤ ለዚህ ነው መሰል ልጆች ከትልቅ ሰው ሁሉ እሱን ይደፍሩት ነበር።

ይህ ሰው ከልጅነቱ የተሸከመው ሐዘን ነበረው። እታገኝ የምትባል ታናሽ እህቱን የሚጥል በሽታ ይጥላት ነበር። አንድ ቀን ምድጃ ዳር ሳለች ጣላት። ሊያወጣት ሲሮጥ ትልልቆቹ ክንዱን ያዙት። «አረፋዋ ከነካህ ይጋባብሃል!» አሉት። እስቲ አሁን ልጅ እሳት ላይ ወድቃ የወንድሟ ክንድ ይያዛል? እታገኝ በቃጠሎው ሞተች። ጎሽሜ አደገ፣ ሸመነ፣ ሸበተ፤ ያ ክንዱ ግን ዕድሜውን ሙሉ እንደተያዘ ነበር የሚመስለው።

በዚያው መንደር ማሚቴ የምትባል መበለት ነበረች። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ የሻረግ ትባላለች። እሷንም ያው በሽታ ይጥላት ጀመር። መጀመሪያ የጣላት ገበያ መሐል ነው። ገበያተኛው እህሉን ጥሎ ሸሸ። እናት ብቻዋን ቀርታ ደረቷን ትደቃለች። ጎሽሜ ባና ሊሸጥ መጥቶ ኖሮ አየ። ክንዱን አየ፤ የያዘው የለም። ሄደ። ባናውን ከልጅቱ ራስ ሥር አደረገ፣ ድንጋዩን ከአጠገቧ አነሳ፣ በጎኗ አስተኛት፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እጅ እግሯን አልያዘም፣ አፏ ውስጥ ምንም አልከተተም። ስትነቃ «አይዞሽ እመቤቴ፣ አለሁ» አላት።

ከዚያማ ምኑ ቅጡ! ባናውን የሚገዛው ጠፋ። ድግስ ቢጠሩትም ለብቻው ያቀርቡለታል። ዛሬ ይጥለዋል፣ ነገ ይጥለዋል እያሉ ጠበቁት። እሱ እቴ! ቆሎውን ቆርጥሞ ሸመነ፤ ውሃውን ጠጥቶ ሸመነ።

ማሚቴ ልጇን ይዛ ያልረገጠችው ደጅ የለም። ጠበል ወሰደቻት፤ ጠንቋይ ዘንድም ወሰደቻት። ጠንቋዩ ግንባሯን በጋለ ማጭድ ካልተኮስኩ አለ። እናት አንጀቷ አልችል ብሏት ልጇን ጎትታ ጎሽሜ ጉድጓድ አጠገብ መጥታ አለቀሰች። «አያ ጎሽሜ፣ ምን ይሻለኛል? ልጄ ምን ሆነችብኝ?»

ጎሽሜ ወደ ልጅቱ ዞረ። «የሻረግ፣ ሊጥልሽ ሲል ምን ይሰማሻል?» አላት።

ወይ ጉድ! እስከዚያች ቀን ድረስ እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሁሉም ስለ እሷ የሚያወራው እሷን አልፎ ከእናቷ ጋር ነበር። ጎሽሜ መወርወሪያውን አስቀመጠና ጠበቃት። በኋላ «ግራ እጄን ጉንዳን ይወረዋል» አለች።

«እንግዲያው ጉንዳኑ ሲመጣ የትም ብትሆኚ ቁጭ በይ። ከእሳት ራቂ፣ ከገደል ራቂ።»

«ትድናለች?» አለች እናት። «እሱን አላውቅም እህቴ፤ እኔ ባና ሠሪ ነኝ» አላት። የልጅቱ ግንባር ግን ሳይተኮስ ቀረ። ጎሽሜ የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ፣ ሽማግሌው ሰውዬ፣ ራሱ እንደ ወደቀ ሆኖ መሬት ላይ ተንከባለለላቸው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ተራ በተራ እየወደቁ፣ ተራ በተራ እሱ እንዳሳያቸው በጎን እያስተኙና እየጠበቁ ጨዋታ አደረጉት።

የመጨረሻው ፈተና የሸንጎው ነው። ክረምት ሊገባ ሲል መንደሩ ከወይራው ሥር ተሰበሰበ። የመንደሩ አለቃ፣ ጭቃ ሹም አውግቸው፣ ተነስተው «ማሚቴ ልጇን ይዛ ከዚህ ትውጣልን፤ በሽታው ልጆቻችን ላይ ሳይጋባ» አሉ። በክረምት፣ በዚያ ብርድ፣ መበለት ልጅ ይዛ የት ትገባለች? ጎሽሜ ለመነ፣ መሬት ሳመ። «ልጅቱን ዳግመኛ ብትነካ አንተም አብረህ ትወጣለህ» አሉት። «እወጣለሁ» አለ።

ይህን ሲባባሉ የሻረግ ግራ እጇን አየት አደረገችና ከቆመችበት ቁጭ አለች። ወዲያው ጣላት። ሸንጎው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ጎሽሜ መሬት ከሳመበት በእጁ ተደግፎ ገና ሲነሳ፣ ልጆቹ በትልልቆቹ እግር መሐል ሾልከው ደረሱ። አንዷ ነጠላዋን ከየሻረግ ራስ ሥር አደረገች፣ ሌላው ድንጋይ አነሳ፣ በጎኗ አስተኟት። ነጠላዋን ያነጠፈችው የጭቃ ሹሙ የልጅ ልጅ አሰለፈች ነበረች። ጭቃ ሹሙ ደማቸው ፈልቶ ክንዷን አፈፍ አደረጉ።

ጎሽሜ ይህን ሲያይ «ኧረ በእግዜር፣ ክንዷን ይልቀቁ!» ብሎ ጮኸ። ዕድሜ ልኩን ጮኾ የማያውቅ ሰው!

አሰለፈች ግን ቀና ብላ «አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ቆመው ያስፈሯታል» አለቻቸው።

ጭቃ ሹሙ ልጅቱን አዩ፣ እጃቸውን አዩ። ለቀቁ። ከዚያ ካባቸውን ሰብስበው አፈር ላይ ቁጭ አሉ። እሳቸው ሲቀመጡ ማን ይቆማል? መንደሩ በሙሉ ተቀመጠ። ጎሽሜም ባለበት ተቀምጦ እንባው ዱብ ዱብ ይላል።

የሻረግ ዓይኗን ገለጠች። ሕዝቡ ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ብታይ ለቅሶ መሰላት። «እማ፣ ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም ልጄ፤ አንቺን እየጠበቅን ነው» አለች ማሚቴ።

ከዚያ በኋላ ትውጣ የሚል አፍ ከየት ይምጣ? የሻረግ እዚያው አደገች፤ አልፎ አልፎ እየጣላትም አገባች፣ ወለደች። እስከ ዛሬም ዝንጀሮ ገደል በሽታው ልጅ ሲጥል ያየ ሁሉ ሥራውን ትቶ መሬት ላይ ይቀመጣል። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ ደንግጦ «ማን ሞተ?» ብሎ ይጠይቃል። እነሱም «ማንም አልሞተም፤ ልጅ እየጠበቅን ነው፤ አንተም ተቀመጥ» ይሉታል።