አዛናውና ያላለቁት ታንኳዎች

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ከሐይቅ ዳር የመጣ ነው፤ ሣቅ ግን አትጠብቁበት።

በድሮ ዘመን አዛናው የሚባል ታንኳ ሠሪ ነበረ። እጁ ወርቅ፣ አሳቡ የማይነጥፍ፣ ግን የጀመረውን የማይጨርስ ሰው ነበረ። የቤቱ ጣሪያ እንኳ ግማሹ ክዳን፣ ግማሹ ሰማይ ነበረ።

ሚስቱ ደብሬ ሴት ልጅ ወለደች። ማዶ ደሴቱ ላይ የምትኖረው እናቱ ይህን ስትሰማ ላከችበት፤ «ልጄ፣ በሰማንያው ቀን ክርስትና ስትነሣ መጠሪያ ስሟን የማወጣላት እኔ ነኝ። መጥተህ ውሰደኝ።»

አሮጌው ታንኳው በስብሶ ነበርና አዲስ መሥራት ነበረበት። ሽማግሌው ታንኳ ሠሪ አባ ተካ መከሩት፤ «መጀመሪያ ሐይቁ ዳር የበቀለውን ደንገል ቁረጥ። ቀጥሎ በፀሐይ አድርቅ። ከዚያ እሰር። መሃል ላይ ሌላ አሳብ ቢመጣብህ ለሚቀጥለው ታንኳ አቆየው።»

«እሺ አባቴ» አለ አዛናው።

ቆረጠ፣ አደረቀ፣ ማሰር ጀመረ። መሃል ላይ «እናቴን ወገቧን ያማታል፤ መደገፊያ ያለው ብሠራላትስ?» አለና ያንን ትቶ አዲስ ደንገል ቆረጠ።

ቆረጠ፣ አደረቀ፣ ማሰር ጀመረ። መሃል ላይ «ፀሐይ ይመታታል፤ ዳስ ያለው ይሁንላት» አለ። ያንንም ተወው።

ቆረጠ፣ አደረቀ፣ ማሰር ጀመረ። አሁን ደግሞ የታንኳውን አፍንጫ እንደ ዳክዬ ራስ ሊያደርገው አማረው።

«እናትህ ዳክዬ አምጣልኝ አላለችም» አለችው ደብሬ። «እባክህ ሂድና አምጣት።»

«ለእናቴ ተራ ነገር ላቅርብላት?»

ክፋት አልነበረበትም ልጆቼ፤ ይወዳት ነበር።

ስልሳው ቀን ሲያልፍ ደነገጠ። ሦስቱም ታንኳ ግማሽ ግማሽ እንደሆኑ ዝናብ አበስብሷቸዋል። ያን ጊዜ ተራ ታንኳ ጀመረ። ቆረጠ፣ አደረቀ፣ አሰረ። መደገፊያ የለው፣ ዳስ የለው፣ ዳክዬ የለው። በሰባ ስምንተኛው ቀን ቀዘፈና ደሴቱ ደረሰ።

ዳር ላይ የእናቱ ጎረቤት እቴነሽ ከል ለብሳ ቆማለች።

«እናትህ ድንገት ዐረፈች፤ ትናንት ቀበርናት» አለችው።



«ስንት ጊዜ እናሻግርሽ አልናት» አለች እቴነሽ። «እሷ ግን ‹ልጄ ታንኳ ሠሪ ሆኖ በሰው ታንኳ ብሄድ፣ ሰው ምን ይለዋል? የዘገየው የሚያምር እየሠራልኝ ነው› ትለን ነበር።»

«የልጄን ስምስ ነግራሻለች?»

«ጠይቄያት ነበር። ‹እዚያው ስደርስ በአፌ እነግራቸዋለሁ› አለችኝ።»

አዛናው እመሬት ተቀምጦ አለቀሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ለቅሶው እናቱን አልመለሰለትም።

ሰማንያው ቀን ደረሰ። ቄሱ ለሕፃኗ የክርስትና ስም ሰጧት። መጠሪያ ስም ግን አዛናው ራሱም አላወጣ፣ ሌላም አላስወጣ። «ስሟን እናቴ ይዛው ሄዳለች» ይል ነበር። ልጅቷ እስክታድግ ድረስ «አንቺ ልጅ» ተብላ ተጠራች።

ልጆቼ፣ አሳብ መልካም ነው። ነገር ግን አንዱን በወጉ ሳትጨርሱ ሌላውን አትጀምሩ፤ ያላለቀ ታንኳ ምንም ቢያምር ሰው አያሻግርም።

እኔ ተረቴን ጨረስሁ፤ እናንተም ጀምራችሁ የተዋችሁት ካለ ሂዱና ጨርሱት።