ኮት የደረቡት በሽተኛ

አንድ ሰው የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደርገው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ጋሽ ገብረየስ ይባላሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዶክተሩ የመውጫ ወረቀታቸውን ፈረመላቸው። ከሰዓት በኋላ እሳቸው ፒጃማው ላይ ኮታቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ ፌስታል አንጠልጥለው ቆመዋል። ጠያቂ ክፍሉን ሞልቶታል።

ከጠያቂዎቹ አንዱ እኔ ሰባኪያችሁ ነበርኩ። ቆሜ ስለ መዳናቸው ረጅም ምስጋና አደረስኩ። ረጅም ስል ታውቁኛላችሁ!

ነርሷ ሲስተር ምንትዋብ ወረቀቱን ይዛ ገባች። ሰጥታቸው ብትወጣ አለቀ። ግን አልሰጠችም።

«ጋሽ ገብረየስ፣ እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር... ይመስገን።»

«ሕመም አለ?»

«ተመስገን።»

«ትንፋሽ አያጥርዎትም?»

«ተመስገን... አንቺስ... እናትሽስ... ደህና ናቸው?»

እኛ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። የእጃቸውን ደም ሥር ያዘች፤ ዓይኗ ግን ደረታቸው ላይ ነበር። ሰው ትንፋሹ እንደሚቆጠር ካወቀ አተነፋፈሱን ያሳምራላ! ስለዚህ እጅ የያዘች መስላ ትንፋሽ ትቆጥራለች። ስንት አገኘች? በደቂቃ ሠላሳ አራት! ጤነኛ ሰው ከሃያ ብዙም አያልፍም።

«እስቲ የልጆችዎን ስም ሳያቋርጡ ይንገሩኝ» አለቻቸው።

ሰባት ልጆች አሏቸው። «ዘነበወርቅ... ታምራት...» ብለው ቆሙ።

እትዬ ስንዱ ደነገጡ። «አንተ ሰው! ሦስተኛዋን ረሳሃት እንዴ?»

«አልረሱም፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው» አለች ሲስተር።

እኔ አርፌ መቀመጥ የት አውቄ! «ልጄ፣ ዶክተሩ ፈርሟል፤ እኛም አመስግነናል» አልኳት።

«ዶክተሩ ያያቸው ጠዋት ነው፤ እኔ አሁን እያየኋቸው ነው። እጠራዋለሁ።»

ኮቱን አስወልቃ፣ በትራስ ደግፋ ኦክስጅን አደረገችላቸው። ዶክተሩ መጣ፤ ራጅ ተነሡ። የሳንባ ምች! ትኩሳት እንኳ አልነበራቸውም። «ቤት ሄደው ቢሆን ላንደርስላቸው እንችል ነበር» አለን።

ሲሻላቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ጋሽ ገብረየስ፣ ምነው ያኔ ዝም አሉ?»

ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እርስዎ ቆመው ስለ መዳኔ እያመሰገኑ እንዴት አሞኛል ልበል? እርስዎን ላሳፍር?»

ሰማችሁ? ሰውየው ለእኔ ይሉኝታ ሲሉ ሊሞቱ ነበር! በጣም አፈርኩ።

እናንተስ ምእመናን? ከጸሎት ስትወጡ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «እንዴት ናችሁ?» እላችኋለሁ፤ «ተመስገን» ትሉኛላችሁ፤ እኔ እጄን ለሚቀጥለው ሰው ዘርግቻለሁ። ከመካከላችሁ ስንቱ ነው ትዳሩ የታመመበት? ስንቱ ነው ልጁ ካኮረፈው ዓመት የሆነው? ማን ቆሞ አየው? ማን ሁለተኛ ጠየቀው?

ምስጋና መልካም ነው፤ ተዉት አላልኩም። ግን እግዚአብሔር ፊት ይሉኝታ ምን ይሠራል? ሲያማችሁ አሞኛል በሉ። ለእሱም በሉት፣ አጠገባችሁ ለተቀመጠውም በሉት።

እኔ ልጀምር። ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ፣ በጠየቃችሁኝ ቁጥር «ተመስገን» ስላችሁ ከርሜያለሁ። ደህና አይደለሁም። ቤቴ መግባት አቅቶኛል።

እባካችሁ፣ አሁን «አሜን» አትበሉኝ። ኑና ጠይቁኝ።