የፍሬ መስኮትና ሽታ በላተኞቹ

ይህን ያወራችልኝ የዳቦ ቤቷ ሙሉ ናት፤ ሙሉ ደግሞ ከራሷ ከአስካለ አፍ ነው የሰማችው።

አስካለ ከቆዳ ፋብሪካው አጥር ሥር ነው ቤቷ። ልጇ ፍሬ አስም አለባት። ያን ቀን ቤቱ ታፍኖ፣ የልጅቷ ደረት ሲር ሲር ሲል፣ አስካለ የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ መስኮት መክፈት።

«መስኮቴ፣ ተከፈትልኝ፤ ፍሬ ትተንፍስ!»

«አልከፈትም» አለ መስኮቱ። «ሽታው ደጅ ቆሟል። ዘሎ ቢገባባትስ?»

አስካለ ልጇን ለጎረቤት አስይዛ፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። «አንተ ክርፋታም፣ ከደጄ ሂድ! ካልሄድክ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ፍሬ አትተነፍስም።»

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ ሽታው። «ፋብሪካው በዚያ ረጅም በርሜል ነው የሚያሳልፈኝ። በርሜሉ ውስጥ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩ ላይ በዓይን የማይታዩ በላተኞች አሉ። በፊት እዚያው ይጨርሱኝ ነበር። ዛሬ የሚበላኝ አጣሁ፤ እንዳለሁ ወጣሁ።»

በርሜሉ ዘንድ ሮጠች። «እናንተ ሆዳሞች፣ ሽታውን ብሉልኝ! ካልበላችሁት አይሄድም፤ ሽታው ካልሄደ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ፍሬ አትተነፍስም።»

«እኛስ በረሃብ አለቅን!» አሉ በላተኞቹ ከውሃ ሥር። «ሽታው ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ካልመጣ አፋችን አይደርስም። ውሃው እንደ ላብ ስስ ሆኖ ሲወርድ ይደርሰን ነበር። ዛሬ ወፍሮ ተጫነን፤ ሽታው በጎን አልፎን ይሄዳል።»

«ውሃ፣ እባክህ ሳሳ! ካልሳሳህ ሽታው በላተኞቹ ዘንድ አይደርስም፤ ካልደረሰ አይበሉትም፤ ካልበሉት አይሄድም፤ ሽታው ካልሄደ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ፍሬ አትተነፍስም።»

«ቧንቧው ቧ ብሎ ተከፍቶ እንዴት ልሳሳ?» አለ ውሃው። «ጋሽ ገመዳን ጠይቂ።»

ጋሽ ገመዳ የበርሜሉ ጠባቂ ናቸው። «ጋሼ፣ በሞቴ ቧንቧውን ይቀንሱት! ካልቀነሱት ውሃው አይሳሳም፤ ውሃው ካልሳሳ ሽታው በላተኞቹ ዘንድ አይደርስም፤ ካልደረሰ አይበሉትም፤ ካልበሉት አይሄድም፤ ሽታው ካልሄደ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ፍሬ አትተነፍስም!»

«ንክች አላደርገውም!» አሉ ጋሽ ገመዳ። «ትናንት ትንሽ ሽታ ቢያመልጥ፣ የሰፈሩ ሴቶች በሩን ደብድበው፣ ሽታ የሚለቀው በብዙ ውሃ ነው ብለው አስከፈቱኝ። አሁን ብዘጋው ከእነሱ ማን ያስጥለኛል? ያስከፈተችኝ ራሷ ትምጣ።»

«ማን ናት እሷ?»

ጋሽ ገመዳ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «አንቺ ነሻ! ፊት ሆነሽ ስትጮኺ የነበርሽው። በርሜሌ የልብስ ሳፋ መሰለሽ?»

ከወዲያ ጎረቤቷ «ኧረ ድረሺ፣ ልጅቷን ትንፋሽ አጠራት!» ብላ ጮኸች።

«እንግዲያው እኔው መጣሁ፤ ይቀንሱት ጋሼ!»

ጋሽ ገመዳ ቧንቧውን አዞሩ። መጀመሪያ ምንም የለም። አስካለ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ከዚያ ውሃው ሳሳ፤ ሽታው ሟሙቶ በላተኞቹ ዘንድ ደረሰ፤ በላተኞቹ በሉት፤ ሽታው ከደጅ ሄደ፤ መስኮቱ ተከፈተ፤ ፍሬ ተነፈሰች።

ፍሬ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ጋሽ ገመዳ ጡረታ ወጥተዋል። ቧንቧው ያኔ እንደተቀነሰ ነው። አስካለ አሁንም ትጮኻለች፤ ግን መጀመሪያ ትጠይቃለች።