ባለመድኃኒቱ የሸሸገው እንጉዳይ

አንድ ባለመድኃኒት ነበረ። ቆይ፣ ጥያቄህን አልዘለልኩም። «ነገ ከሚስቴ ጋር ሽማግሌ ፊት ስንቀመጥ፣ ከነገሩ ጥቂት ባስቀር ምን አለበት?» ነው ያልከኝ። ሠላሳ ዓመት ስሸመግል ይህን ያልጠየቀኝ ባል የለም፤ ደክሞኛል። ተቀመጥና ስማ።

ይህ ሰው በአሮጌ ዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅል አንድ እንጉዳይ ያውቅ ነበር። አድርቆ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶ ያጠጣል፤ ትንፋሽ የሚያጥረው ሁሉ ይሻለዋል። አባቱ ሲያወርሰው «ስሙን ለሰው ከጠራኸው ይረክሳል» ብሎት ነበር። ስለዚህ ሽታውን እንዲሸፍንለት ዳማከሴ ይቀላቅልበታል። ምንድን ነው ሲሉት «ዳማከሴ ነው» ይላል። ሰዉ ከየጓሮው ዳማከሴ ቀጥፎ ይሞክራል፤ አልሆን ሲለው ተመልሶ ይመጣል። ከከተማ ተመራማሪዎች መጥተው «የዛፍ እንጉዳይ በላቦራቶሪ እየመረመርን ነው፤ ለሕመም የምትሰጠው ካለ አሳየን» ቢሉት፣ አንድ እቅፍ ዳማከሴ አሸክሞ ሸኛቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይሄ ደግሞ መድኃኒቱን ነው የደበቀው። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። የአባቱን ቃል መጠበቁ ነው።

አንዲት ልጅ ነበረችው። እሷም ትንፋሽ ያጥራታልና ጠዋት ጠዋት ከዚያው ያጠጣታል። አንድ ቀን ሆዷን ቆረጣት፤ በቃሬዛ ሆስፒታል አደረሷት። ሐኪሙ ትርፍ አንጀት ነው፣ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ትሁን አለ። ከመግባቱ በፊት አባትየውን ጠየቀው።

«የባህል መድኃኒት ትወስዳለች? አንዳንዱ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ካለ ንገረኝ፤ ደም አስመጥቼ ልግባ።»

ሰውየው ልጁን አየ። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን የለመደው ቃል ነው።

«ዳማከሴ ብቻ» አለ።

ሐኪሙ ዳማከሴን ያውቀዋል። እናቱም ለጉንፋን ትጨምቅለት ነበር። አመነውና ገባ።

ደሙ አልቆም አለ። ሐኪሙ ወጥቶ ደግሞ ሲጠይቀው፣ ሰውየው «እንጉዳይ ነው፣ የዛፍ እንጉዳይ» አለ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ። ሐኪሙ «ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ» ከማለት በቀር አልተቆጣውም። ደም ፍለጋ ሰው ተላከ። ልጅቱ የተላከው እስኪመለስ አልቆየችም።

እንግዲህ አንዳርጌ፣ የታመመው ትዳርህ ነው። ነገ አራት ሽማግሌዎች የምንገባበት የነገርከንን አምነን ነው። አመሏ ከፋ፣ ወጥ አሳረረች ብትለን እናምንሃለን፤ ይህን በየቤታችን እናውቀዋለን። እናስታርቃችኋለን፣ እንመርቃችኋለን፣ እናንተም ተያይዛችሁ ትገባላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ስንት ቤት አይቻለሁ መሰለህ። ያስቀረኸው ምን እንደሆነ አሁን አልጠይቅህም። ነገ እሷ ባለችበት፣ ገና ሳንጀምር ተናገረው። ይህ ካልሆነልህ ሽማግሌ አታስቀምጥ።