የሳተ ፍላጻ መሬት ላይ ይገኛል

የበደለኝ ሰው ጠገናው ይባላል። ጎረቤቴ ነው፤ ደጄ ላይ ቆሜ ድንጋይ ብወረውር ጓሮው ይደርሳል። አልወረወርኩም እንጂ።

ነገሩ የተጀመረው ሰንበቴ ላይ ነው። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠላው ቀጥኗል ብዬ ተናገርኩ። ቀጥኖም ነበር፤ ያላወቀ ሰው እጁን ይታጠብበት ነበር። ተረኛው ደግሞ ጠገናው ኖሯል። ብድግ አለና፣ «አንቺ» አለኝ፤ ያን ቀን አንቱታውንም ነፈገኝ። «አንቺ ልጄ በረሃ ወርዶ ቀረ እያልሽ ታለቅሻለሽ። ልጅሽ አልሞተም። ምላስሽን ሸሽቶ ነው።»

ሰው ሳቀ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰንበቴ አልረገጥኩም። ደጄ ላይ ስቀመጥም በርጩማዬን አዙሬ፣ ጀርባዬን ለእሱ በር ሰጥቼ ነው።

ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት መጣ፤ እሱ ግን አልመጣም። በኋላ አንድ ቀን ሚስቱ ትብለጥ አንድ ቅል ማር ይዛ ከች አለች። ትብለጥ ደግ ሴት ናት፤ ከዚያ ሰውዬ ጋር ምን እንዳኖራት እግዜር ይወቅ።

«እትዬ አንጓች» አለችኝ፣ «ጠገናው ነው የላከኝ። ልጃችንን ልንድር ነው። በሰርጓ ቀን የእርስዎ በር ተዘግቶ ከዋለ ለልጅቷ ደግ አይደለም። እሱም ያን ጊዜ የተናገርኩት ቀልዴን ነው ይላል።»

«ቀልዱን ነው?»

«ቀልዱን ነው። ደግሞም ቆየ እኮ እትዬ። ቁስል ሲቆይ በራሱ ይሽር የለም ወይ? ይኼን ያህል ከቆየ በኋላ እሱ ራሱ መምጣቱ ምን ይጨምራል? ማሩ አይበቃም?»

«ማሩን እዚያ አኑሪውና ተቀመጪ» አልኳት። «አባቴ ጨው ጭኖ ቆላ ሲወርድ ሰምቶ ያመጣውን ልንገርሽ። ስጨርስ የጠየቅሽኝን እመልስልሻለሁ።»

እንዲህም ብዬ ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። አዳኝ ነበረ፤ የሚያድነውም እንዳገሩ ሰው በቀስት ነው። ይኼ ሰው የወረወረው ፍላጻ ሁሉ ልብ ያገኛል፤ የመታው አውሬ በቆመበት ይወድቅለታል። ስለዚህ ሌሎቹ አዳኞች የቆሰለ አውሬ ሲፈልጉ ውለው ጉልበታቸው ተልጦ ሲመጡ ይስቅባቸው ነበር። «ምን ጠፍቶባችሁ ነው፣ መርፌ?» ይላቸዋል።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘነብል ወንዝ ዳር ድኩላ አየ። ቀንደ ጥምዝ፣ ጎኑ ነጭ ነጠብጣብ የጣለበት፣ የሚያምር ወንድ ድኩላ ነው። ቀስቱን ሳበና ለቀቀ። ፍላጻው ሲለቀቅ ድኩላውም ውሃ ሊጠጣ አንድ እግሩን አነሣ። ደረት የታለመለት ፍላጻ ሆድ ገባ። ድኩላው ጀርባውን አጉብጦ ዘለለና ጫካው ዋጠው።

በእነዚያ ሰዎች ዘንድ ሥርዓት አለ። አውሬ የመታ ሰው ወዲያው አይከተልም። ይቀመጣል። የተቀመጠበት ዛፍ ጥላ እስኪዞር ዝም ብሎ ይቀመጣል። የቆሰለውን ወዲያው ቢያባርሩት ሕመሙ እግር ይሆነውና አገር ያቋርጣል። ካላባረሩት ግን ቅርብ ቦታ ሄዶ ይተኛል። ጥላው ከዞረ በኋላ ይነሣና ይከተላል። የሚከተለውም የመታው ራሱ ነው። ሌላ ሰው አይከተልለትም።

ሰውዬው ተቀመጠ። መቀመጡስ ደግ ነበር። ግን ሲቀመጥ ሐሳብ መጣበት። «እነዚያ የሳቅሁባቸው ሰዎች በጉልበቴ ስድህ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?» አለ በሆዱ። ጥላው ዞረ። ተነሣ። ተነሥቶም ወደ ጫካው ሳይሆን ወደ ቤቱ ሄደ።

አማቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ደጅ ተቀምጠው ነበር። ባዶ እጁን ሲመጣ አዩት። ኮሮጆውንም አዩ፤ ፍላጻ ጎድሎታል።

«ምን አገኘህ?» አሉት።

«ሳትኩ» አላቸው።

«አንተም ትስታለህ?»

«ሰው ነኝ፣ ሳትኩ።»

ሽማግሌው ፍላጻው ወደ ጎደለበት ኮሮጆ ጠቆሙ። «የሳተ ፍላጻ መሬት ላይ ይገኛል» አሉት። «ሲነጋ ሄደህ አንሥተህልኝ ና።»

እንቅልፍ ይውሰደው አይውሰደው አባቴ አልነገረኝም። ሲነጋ ግን «ወንድሜን ልላከው፣ እሱ ዓይኑ ጥሩ ነው» አለ።

«ፍላጻው ያንተ ከሆነ እግሩም ያንተ ይሁን» አሉት ሽማግሌው።

«አገኘው?» አለችኝ ትብለጥ እዚህ ላይ።

«ምን ያስቸኩልሻል፣ ሰርጉ ዛሬ ነው?» አልኳት። ቀጠልኩ።

ሰውዬው ወንዙ ዳር ደረሰ። ፍላጻ በመሬቱ ላይ የለም። ሣሩ ላይ ግን ደም አለ፤ ጥቁር ደም፣ የታኘከ ቅጠል የተቀላቀለበት። ደሙን ተከትሎ ገባ። አንዱ ቅጠል ላይ ያየዋል፣ ሌላው ላይ ያጣዋል። ደም ባየበት ሁሉ አንድ ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ ዱካው ቢጠፋበት ወደዚያ ተመልሶ እንደገና እንዲጀምር ነው። ሩቅ ሳይሄድ የተደፈጠጠ ሣር አገኘ፤ ድኩላው ተኝቶበት ነበር። ልክ ሥርዓቱ እንዳለው ቅርብ ነው። ትናንት ተነሥቶ ቢከተል ኖሮ እዚያው ነበር የሚያገኘው።

ከዚያ ወዲያ ደሙ ጠፋ። ቆሞ ቢያይ የለም። ጎንበስ ቢል የለም። መጨረሻ በጉልበቱ ተንበረከከና ዳኸ። ቆሞ ያላየውን ያን ጊዜ አየ። ጉንዳኖች ተሰልፈው ወደ አንዲት ጠጠር ይሄዳሉ። ጠጠሯ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ደም አለች። ሰው የጣለውን ጉንዳን አግኝቶታል። ሰውዬውም ጉንዳኖቹን መንገድ እንደሚያሳይ ሽማግሌ አያቸውና እነሱን ተከትሎ እየዳኸ ሄደ።

ሌላ የተደፈጠጠ ሣር አገኘ። በዚህኛው የፊት ጉልበቶቹ መሬቱን የተጫኑበት ጎልቶ ይታያል። ድኩላው የተኛው ፊቱን ወደሚሸሽበት አድርጎ አልነበረም። ወደ መጣበት ነው። ሰውዬው ያችን የመጀመሪያዋን መኝታ አስታወሰ፤ እሷም እንዲሁ ነበረች።

ቀና ሲል አየው።

ከትልቅ ሾላ ሥር ተኝቷል። አልሞተም። አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ዓይኑን በመጣበት መንገድ ላይ ተክሎ ያየዋል። ጀርባው ላይ ጠል ወርዶበታል፤ ከጠሉ አንዲት ነጠብጣብ እንኳ አልረገፈችም። ሳይንቀሳቀስ ነው ያደረው። ሰውዬው ቤቱ ተኝቶ ሳለ እሱ እዚህ ያቺን መንገድ ሲያይ ነው ያደረው። አሁን የሚጠብቀው ሰው መጣ፤ አልተነሣም፣ አልደነገጠምም።

ያ ሰው ብዙ ገድሏል። ከገደላቸው አንዱም ግን ዓይን ለዓይን አይቶት አያውቅም ነበር።

አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ሰውዬው ቀስቱን ከትከሻው አወረደና ሣሩ ላይ አኖረው። ከኋላ መዞር ይችል ነበር፤ አልዞረም። ሊቆርብ እንደሚቀርብ ሰው በጉልበቱ፣ ፊት ለፊት፣ ዓይኑን ከዓይኑ ሳይነቅል ቀረበና በቢላዋው አሳረፈው። ዓይኑንም በእጁ ከደነለት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዓት ከሾላው ሥር አልተነሣም።

ሥጋውን ተሸክሞ መንደር ገባ። ግማሹ ተበላሽቶ ነበር፤ ሆዱን የተወጋ ሲያድር እንዲህ ነው። ፍላጻውን ከነደሙ ሽማግሌው እግር ሥር አኖረና፣ እነዚያ የሳቀባቸው ሁሉ እየሰሙት፣ «አልሳትኩም» አለ። «መትቼው ነው ጥዬው የገባሁት።»

ጉልበቱ ተልጦ ነበር። ስለ መርፌ ግን ማንም አላነሣም።

ይኼን ጨርሼ ወደ ትብለጥ ዞርኩ።

«ይኸውልሽ ልጄ» አልኳት። «ባልሽ በዚያው ቀን አለመምጣቱን አልነቅፍም። ሰው ፊት የተወጋን ሰው ወዲያው ቢከተሉት ይብስበታል፤ መቀመጥ ሥርዓት ነው። ባልሽ ግን ጥላው ሲዞር ተነሥቶ ቤቱ ገባ። ቀልዴን ነው አለ። ቀልዴን ነው የሚል ሰው ሳትኩ እንዳለው አዳኝ ነው። ስቶኝ ከሆነ ቃሉ ሰንበቴው ግቢ ሣር ላይ ወድቆ ይገኛል፤ ሄዶ ያንሣው። እዚያ ካጣው እኔ ጋ ነው፤ በደረሰበት ቦታ ተሰክቶ አለ። ማርሽ ደግ ማር ነው፣ አንቺም ደግ ነሽ፤ እግሩ ግን የሱ መሆን ነበረበት። ቁስል በራሱ ይሽራል ያልሽውን ደግሞ የቆሰለ ሰው አልነገረሽም። የቆሰለ ፊቱን ወደ መታው ሰው መንገድ አዙሮ ነው የሚተኛ። ጠል ይውረድበት፣ ክረምት ይለፍበት፣ ያችን መንገድ ያያል። ሂጂና ይኼን ንገሪው።»

ትብለጥ ቅሏን አንሥታ ተነሣች። ደጁ ላይ ደርሳ ቆም አለችና በርጩማዬን አየች።

«እትዬ» አለች፣ «እርስዎ ግን የሚቀመጡት ጀርባዎን ሰጥተው ነው። እሱ መስኮት ላይ ቆሞ ሁልጊዜ ያያል። ቢመጣስ በየት በኩል ይምጣ?»

«ሂጂ አሁን፣ መሽቶብሻል» አልኳት። አልመሸም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጠሉ ገና ከሣሩ ሳይረግፍ፣ በርጩማዬን አወጣሁ። አዙሬ ወደ ጠገናው በር አደረግሁትና ተቀመጥኩ።