ሦስት አራተኛን የምታጠፋው ልጅ

አዜብ የባሕር ማዶ ልጆችን በኮምፒውተር የምታስጠና ወጣት መምህርት ናት። አንድ ቀን ፊቷ ጠውልጎ በልጅነቷ ወዳስተማሯት ወደ ጋሽ ደምሰው ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ አንድ ተማሪ አለኝ» አለቻቸው። «ከወር ወዲህ ፊቱን ከካሜራው አዙሮ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቃል አይወጣውም። ያላደረግሁት የለም። ልጅን በአካል ሳያገኙት ማስተማር ይቻላል እንዴ?»

ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን አወለቁና እንዲህ ብለው ነገሯት።

አንድ የሂሳብ አስተማሪ ነበረ። የመንግሥት ትምህርት ቤቱን ለቆ በአንድ የባሕር ማዶ ድርጅት ተቀጠረ። ሥራው አገራቸውን በካርታ ካልሆነ በቀር አይቶ የማያውቃቸውን ልጆች ማስጠናት ነው። ወላጆች በየሳምንቱ ለአስተማሪው ኮከብ ይሰጣሉ። ኮከቡ የቀነሰበት አስተማሪ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ስሙ ተሰርዞ ያገኘዋል፤ ደህና ሁን የሚለው እንኳ የለም። ሁለት ጓደኞቹ እንዲህ ሆነው ሲቀሩ አይቷል። ስለዚህ የጥናቱ ሰዓት በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ ኮከቦቹን ይቆጥር ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዷ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ሰነፍ አይደለችም። ግን አንድ ግራ የሚያጋባው ነገር ታደርጋለች። ግማሽና ሩብ ሲደመር ስንት ነው ቢላት፣ ሦስት አራተኛ ብላ በትክክል ትጽፋለች፤ ዓይኑ እያየ ታጠፋውና ሌላ የማይሆን ቁጥር ትተካለች። እሱም አልገባትም ብሎ ከሥር ከመሠረቱ ይጀምርላታል። ባስረዳት ቁጥር ባሰባት።

የልጅቷ እናት ለድርጅቱ ጻፈች። «ልጄ ሂሳብ ትወድ ነበር፤ አሁን ሰዓቱ ሲደርስ ታለቅሳለች» አለች። ድርጅቱም ለአስተማሪው አንድ ሳምንት ሰጠው፤ ልጅቷ ካልተሻሻለች ይሰናበታል። የቀድሞ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል፤ የሚመለስበት የለውም። ጥፋቱ የመስመሩ ይሆናል ብሎ የተሻለ ኢንተርኔት አስገባ። ድምፄ አይሰማት ይሆናል ብሎ ማይክሮፎኑን ከከንፈሩ ሥር አስጠጋው። ይኼኔ ጭራሽ ልጅቷ መልሱን ጽፋ እንደጨረሰች ታጠፋው ጀመር።

«እነዚህ ልጆች ድሮም ከሩቅ አይማሩም!» ብሎ ለሚስቱ ተማረረ።

«ልጅቷስ ምን አለች?» አለችው ሚስቱ።

«እሷማ ምን ታውቃለች!» አላት።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ልጅቷ ሦስት አራተኛ ብላ ጻፈች። ወዲያውም አጠፋችው። አስተማሪው እንደ ልማዱ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ግን ደክሞት ነበርና ተወው። የሚስቱ ጥያቄ ትዝ አለው።

«ትክክል ነበርሽ እኮ» አላት። «ለምን አጠፋሽው?»

ሁለት ወር ሙሉ ይህን ጠይቋት አያውቅም። ልጅቷ በሩ ላይ ወደቆመችው እናቷ ዞር አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «እርስዎ ስለሚደነግጡ ነዋ» አለችው።

«እኔ? መቼ?»

«መልስ ስጽፍ ሁሌ።» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ዓይኗን አፍጥጣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

አስተማሪው ክው አለ። በዚያ ትንፋሽ የሰማው የገዛ እናቱን «አዎ» ነው፤ የጎረቤቱን፣ ስልክ ጆሮው ላይ ደግኖ ወሬ የሚያዳምጠውን ያገሩን ሰው ሁሉ «አዎ»። ልጅቷ ልክ በሆነች ቁጥር ደስ እያለው፣ ራሱም ሳያውቀው፣ «አዎ፣ በርቺ» እያለ ትንፋሹን ሲስብ ኖሯል። እሷ አገር ግን ሰው እንዲህ የሚያደርገው ብርጭቆ ሲወድቅበት ነው። ማይክሮፎኑንም ያስጠጋው ራሱ ነው። በጣም አፈረ፤ እንባው መጣ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። «እኛ አገር ሰው እንዲህ የሚያደርገው ሲስማማ ነው። ልክ ነሽ ማለቴ ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ሦስት አራተኛን እንደገና ጻፈችና እጆቿን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከዚያ እሱን ቀድማ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። እናትየዋ በሩ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበርና በዚያ ሳምንት ኮከቡን ሞልታ ላከች። አስተማሪውም በሥራው ቆየ።

ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወደ አዜብ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ያ ሰው ርቀቱን ከሰሰ፣ መስመሩን ከሰሰ፣ ይባስ ብሎ ልጅቷን ከሰሰ። መልሱን የምታውቀው ግን በየቀኑ ፊቱ ትቀመጥ ነበር። አንቺም እንደሱ ነሽ። ያላደረግሁት የለም ትያለሽ፤ ጭራሽ እኔ ዘንድ ድረስ መጣሽ። እኔ ልጁን የት አውቀዋለሁ? ነገ ሲመጣ ጥናቱን ተይውና ለምን ፊትህን አዞርክ ብለሽ ጠይቂው። እስኪመልስልሽም ታገሺ።»

አዜብ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

«ምነው?» አሏት ጋሽ ደምሰው ፈገግ ብለው። «ምን አስደነገጠሽ?»